አቶ ሙላትን የገደልሁበት ቅዳሜ

ሰው መግደሌን ደባርቅ ውስጥ የማያውቅ የለም። ፖሊስም ያውቃል፤ እንዲያውም አንዱ ፖሊስ የእድራችን አባል ስለሆነ ያን ቀን ድንኳኑ ሥር ተቀምጦ ንፍሮ ሲቆረጥም ነበር። እንዳትደነግጡ። ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ፤ ከዚያ ፍርዱን እናንተ ትሰጣላችሁ።

ሥራዬ የእድር ጡሩምባ ነፊነት ነው። ሰው ሲሞት በመጀመሪያ ለእኔ ይነገራል፤ እኔ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ጋቢዬን ተከናንቤ እወጣለሁ። የደባርቅን ንጋት የማታውቁ ካላችሁ፣ ከፓርኩ በኩል የሚመጣው ጉም የራስን ጫማ እንኳ አያሳይም። ብርዱም ጡሩምባውን ከከንፈር ጋር ያጣብቀዋል። ከመናኸሪያው ተነስቼ እስከ ገበያው ድረስ እየነፋሁ፣ በየማዕዘኑ ቆሜ የሟቹን ስም እየጠራሁ እወርዳለሁ። ከዚያ በዚያው መንገድ እየነፋሁ እመለሳለሁ። የሥራው ዋናው መመለሱ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሰው ከእንቅልፉ ይባንንና "ማንን ነው ያለው?" ይላል፤ ስሙን የሚሰማው በሁለተኛው ነው። ሥራውን ያስረከቡኝ ሽማግሌም ሁለት ዙር ሳልነፋ ቤቴ እንዳልገባ አስምለውኛል።

ሥራው ክብር አለው፤ ጣጣም አለው። ጣጣው፣ ሰው ሲያየኝ መደንገጡ ነው። ጠላ ቤት ስገባ ጨዋታው ቀጥ ይልና ሁሉም እጄን ያያል። ጡሩምባ አለመያዜን ሲያረጋግጡ መጠጣታቸውን ይቀጥላሉ። አንድ ቀን በርበሬ ልበደር ብዬ የጎረቤት በር ባንኳኳ፣ ሴትዮዋ በቀዳዳ አየችኝና "ወይኔ እናቴን" ብላ ወደቀች። እናቷ ዳባት በሰላም ተቀምጠዋል። ከዚያ ወዲህ በቤታችን መበደር የባለቤቴ ሥራ ሆነ።

ሌላ ሙያ የለኝም። ሳይሞክር ነው እንዳትሉኝ ደግሞ ሞክሬያለሁ። ቱሪስት በበዛ ሰሞን በቅሎ ጫኝ ልሁን ብዬ ሁለት ፈረንጆች ይዤ ወደ ጊች ወጥቼ ነበር። ገደሉን ሳይ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። በመጨረሻ እኔ በቅሎዋ ላይ ተቀመጥሁ፣ ጓዙን ፈረንጆቹ ተሸከሙት፣ እንዲሁ ሆነን ደባርቅ ገባን። ፎቶም አንስተውኛል። እና አራት ልጆቼን የማሳድገው እድሩ በየወሩ በሚሰጠኝ ደመወዝ ነው። ጡሩምባው ከቆመ የእኔም ቤት ቆመ ማለት ነው።

ታዲያ ሞባይል ደባርቅ ገባ። መጀመሪያ የባለሆቴሎቹ ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ የመምህራን ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ከአምባራስ ገብስ ጭኖ የሚመጣው ገበሬ ሁሉ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይታይ ጀመር። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ምንም አልጠረጠርሁም። ሰው ከዘመዱ ጋር ሲያወራ እኔን ምን አገባኝ?

የእድራችን ጸሐፊ ደሳለኝ ይባላል። መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳበትና ሞባይል የሚጠግንበት ሱቅ አለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ማሽን ሊሠራው የሚችለውን ነገር ሰው ሲሠራው ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። የእድሩ ዳኛ ደግሞ አቶ ሙላት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የግብርና ሠራተኛ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበሬውን "ገብሱን በመስመር ዝራ" እያሉ ሲለምኑ ስለኖሩ፣ አዲስ ነገር ይዞ የመጣ ሰው እምቢ ሲባል ማየት አይወዱም። ደሳለኝ ጡሩምባው ይቅርና መርዶ በሞባይል ይነገር ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ ዳኛው ወዲያው ተቀበሉት።

ወደ እኔ ዘወር ብለው ግን አዘኑ። አቶ ሙላት አዛኝ ናቸው። ወዲያው አናባርረውም፣ ስልኩን ራሱ ይያዘውና ይሞከር አሉ። ከቻልሁበት በሥራዬ እቀጥላለሁ፤ ካልቻልሁበት ደሳለኝ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ በነጻ ይሠራዋል። ይህ ተወስኖ አንድ አሮጌ ስልክና የአባላቱ ስም የተጻፈበት ዝርዝር ተሰጠኝ። ባለቤቴ ስልኩን ተቀብላ አገላበጠችውና "ይህ ነው እንግዲህ ልጆቼን የሚያስርብብኝ?" አለች።

አሁን ሥርዓቱን ልብ በሉልኝ። እድሩ ካርድ መሙላት ስላልፈለገ መልእክቱ ሁሉ በሚስኮል እንዲሆን ተስማማን። አንድ ሚስኮል የእሁድ ስብሰባ ነው። ሁለት ሚስኮል ሞት ነው። ሁለት የደረሰው ሰው የያዘውን ጥሎ ድንኳኑ ወደሚቀመጥበት እድር ቤት ይመጣል፤ ማን እንደሞተ እዚያ ከእኔ አፍ ይሰማል። እኔ ደግሞ ሰው መልሶ ቢደውልልኝ እንዳላነሳ ደሳለኝ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ፤ አንድ ጊዜ ካነሳህ ወሬ ይጀምሩልህና መስመሩ ይያዛል አለኝ። ሁሉም ገባኝ። ገባኝ ብዬ ፈርሜያለሁም።

አርብ ዕለት አቶ ሙላት ተራራው ላይ ወዳለው ቡይት ራስ ሊወጡ ሲሉ ጠሩኝ። የክርስትና ልጃቸው አባት በግ እሰጥዎታለሁ ብሏቸው ሊያመጡ ነው የሚሄዱት። ለእሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ እንድጠራ አዘዙኝ። አጀንዳው የሞባይሉ ነገር በቋሚነት ይጽደቅ ወይስ አይጽደቅ የሚል ነበር። እንግዲህ የራሴ እንጀራ የሚቆረጥበትን ስብሰባ ራሴ ልጠራ ነው። እሺ ብዬ፣ በሰላም ይመለሱ ብዬ ሸኘኋቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ዝርዝሩን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና ሥራ ጀመርሁ። ለእያንዳንዱ አባል እደውላለሁ፤ አንድ ጊዜ ሲጠራ እዘጋለሁ። ጣቴ ወፍራም ስለሆነ አንዱን ስነካ ሦስት ቁጥር ይጻፋል። አጥፍቼ እንደገና እጀምራለሁ። ላቤ በደባርቅ ብርድ ጠብ ጠብ አለ። የመጨረሻውን አባል ደውዬ ስጨርስ ግን ስለራሴ ኩራት ተሰማኝ። ወጣቱ ሁሉ የሚመጻደቅበት ነገር ይኸው ነው አልሁ።

ልነሳ ስል ልቤን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። አንድ ዙር ብቻ ነው የሄድሁት። ሳልመለስ ሥራ ጨርሼ አላውቅም። አንዱ ሽንት ቤት ቢሆንስ? አንዷ ጆሮዋ ላይ ሻሽ ጠምጥማ ባትሰማስ? ነገ "አልተነገረኝም" ቢሉ እኮ የምባረር እኔ ነኝ። ስለዚህ እንደ ወጉ ተመለስሁ። ከመጨረሻው ስም ተነስቼ፣ ከገበያው ወደ መናኸሪያው እንደምወጣ ሁሉ፣ አንድም ሰው ሳልዘል እስከ መጀመሪያው ስም እያንዳንዱን እንደገና ጠራሁት።

ገና ሳልጨርስ ስልኩ ይጮህ ጀመር። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል። እኔ በታዘዝሁት መሠረት አላነሳሁም፤ ሰምተናል ማለታቸው ነው ብዬ ፈገግ አልሁ። በኋላ ባትሪው አለቀ። መብራት ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ የለም። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ባለቤቴ ያዘዘችኝን ጨው ልገዛ ወደ ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ።

እድር ቤት የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። አባላቱ ወንዱ ጋቢውን፣ ሴቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጡ ደረሱ። ድንኳኑ አለ፣ ምሰሶው አለ፣ መርዶ ነጋሪው የለም። የሞተው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። እርስ በርሳቸው ይተያዩና "አንተ አለህ?" ይባባሉ ነበር አሉ። ደሳለኝ ዘዴ አመጣ። ዝርዝሩን ይዞ ያልመጣውን ሁሉ እንደውልለት፤ ስልኩን የማያነሳው እሱ ነው የሞተው አለ።

መጀመሪያ የጠረጠሩት እኔን ነበር። ስልኬ ዝግ ነው። አንዳንዶቹ ማልቀስ ጀምረው ነበር ይባላል፤ በዚህ እስካሁን ደስ ይለኛል። ነገር ግን የንስሐ አባታችን መምሬ ጥበቡ "ልጆቼ፣ እሱ ከሞተ ሁለት ጊዜ የደወለው ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። እንደገና ዝርዝሩ ተገለጠ። ሌላው ሁሉ አነሳ። ያላነሱት አቶ ሙላት ብቻ ሆኑ። ቡይት ራስ ኔትወርክ እንደሌለ ማንም ያውቃል፤ በዚያ ሰዓት ግን ማንም አላስታወሰም። አንዲት አሮጊት ስልኩን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ ሲያደርጉ "የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም" የምትለውን ሴትዮ ሰሙ። ስልኩን መለሱና "አታገኟቸውም አለችኝ፤ ድምጿም ያሳዝናል" ብለው ደረታቸውን መቱ።

ከዚያ በኋላ ወሬውን የሚያቆመው አልተገኘም። አንዱ መኪናው ተገለበጠ አለ። አንዱ የለም፣ በጉን ሲጎትቱ ገደል ገቡ አለ። ሦስተኛው የበጉን ቀለም ጭምር ተናገረ። አምስት ጎልማሶች ሬሳ ሊያመጡ አይሱዙ ተኮናትረው ወደ ቡይት ራስ ወጡ። የቀሩት ድንኳኑን ተሸክመው ወደ አቶ ሙላት ቤት ሄዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ ጓሮ ጎመን ሲቀነጥሱ ነበሩ። ድንኳን የተሸከመ ሰው ወደ ግቢያቸው ሲገባ ሲያዩ ምን እንደሆኑ አልነግራችሁም፤ እሱን ሳስበው እስካሁን ያመኛል።

እኔ ያን ጊዜ በጨው ዋጋ እየተከራከርሁ ነበር። ነጋዴው "ዳኛችሁ አረፉ አይደል፤ ነፍስ ይማር" አለኝ። ጨዉን ጣልሁት። አቶ ሙላት ለእኔ ሰው ነበሩ፤ ያላባረሩኝ እሳቸው ናቸው። እንባዬ መጣ። እንባዬን ተከትሎ ግን ንዴት መጣ። የእድሩ ዳኛ ሞተው፣ ገበያው ሁሉ አውቆ፣ መርዶ ነጋሪው ከጨው ነጋዴ ይሰማል? ደሳለኝ ነው አልሁ። ሌላ ስልክ ይዞ ሳይነግረኝ ሕዝቡን ጠርቷል። አቶ ሙላት ዓይናቸውን ሲከድኑ እኔን ከሥራ አስወጥቶኛል።

አልታገሥሁም። ቤቴ በሩጫ ገብቼ ጡሩምባዬን ከተሰቀለበት አወረድሁ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ቀን ነፍቼ አላውቅም። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ መናኸሪያው፣ "ስማ እድርተኛ፣ ዳኛችን አቶ ሙላት አርፈዋል" እያልሁ፣ እያለቀስሁ ዞርሁ። ደሳለኝ ሱቅ ፊት ስደርስማ ቆሜ ሦስት ጊዜ ደገምሁት። ይህን ያደረግሁት ማሽን እንዲህ አያለቅስም ለማለት ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ "እንጃ፣ ያጣሩ እስቲ" ሲል የነበረ ሰው ካለ፣ የእኔን ጡሩምባ ሲሰማ ጥርጣሬው ጠፋ። እኔ ከነፋሁ የሞተ ሰው ሞቷል። ከሌላ እድር ሳይቀር ሰው ይጎርፍ ጀመር።

ሬሳ ሊያመጡ የሄዱት ሰዎችና አቶ ሙላት መንገድ ላይ ተላልፈዋል። ጉም ስለነበረ አልተያዩም። አቶ ሙላት በሌላ አይሱዙ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ በጋቢ ተጠቅልለው፣ በጋቸውን እግራቸው መሀል ይዘው ነው የወረዱት። ከመናኸሪያው በጉን እየጎተቱ ቤታቸው ሲደርሱ ድንኳን ተተክሏል፣ ግቢው ጥቁር ለብሷል፣ ሴቶች ያለቅሳሉ። በዚያ ቤት የሚኖሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እሳቸውና ወይዘሮ የሺ። የበጉን ገመድ ለቀቁት።

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ሰው ቀና ብሎ የመጣውን አይመረምርም። እኔ ድንኳኑ አፍ ላይ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጬ ነበር። አንድ ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ አጠገቤ ዘፍ ብሎ ወድቆ "የሺን፣ የሺዬን" እያለ መንሰቅሰቅ ጀመረ። ግራ ገባኝ፤ ለባለቤትየዋ አዝኖ ይሆናል ብዬ ትከሻውን ያዝሁና አይዞህ አልሁት። በለቅሶው መሀል "መቼ ነው ያረፈችው?" አለኝ።

"ወይዘሮ የሺማ ደህና ናቸው" አልሁት። "ያረፉት አቶ ሙላት ናቸው።"

"ማን?"

"አቶ ሙላት።"

ሽማግሌው ለቅሶውን አቆመ። ጋቢውን ከፊቱ ገለጥ አድርጎ "እኔ?" አለኝ።

መጀመሪያ የሸሸሁት እኔ ነኝ፤ አልደብቃችሁም። ምሰሶውን ይዤ ስለሸሸሁ ድንኳኑ ግማሹ ወረደ። መምሬ ጥበቡ በሸራው ሥር ሆነው አማተቡ። ወይዘሮ የሺ ጩኸቱን ሰምተው ወጡና ባላቸውን አዩ። አልወደቁም፣ እልልም አላሉም። ቀስ ብለው መጥተው የኮታቸውን ደረት በሁለት እጃቸው ጨበጡትና "የት ነበርህ አንተ? የት ነበርህ?" እያሉ ያንን ብቻ ደጋገሙ። አቶ ሙላትም "በጉን ላመጣ" ይላሉ፤ ወይዘሮ የሺም ያንኑ ይደግማሉ። ሁለቱም ያለቅሳሉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ኮቱን ለመልቀቅ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። ንፍሮውን ግን ሰው በደስታ ጨረሰው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀም። ደሳለኝ ስልኩን ተቀብሎ በጄኔሬተር ቻርጅ አደረገውና የደወልሁትን አወጣ። ለእያንዳንዱ አባል ሁለት፣ ሁለት። "ለምን ሁለት?" አለኝ። "ስመለስ ነው" አልሁት። ሊገባው አልቻለም።

እሁድ ስብሰባው ተካሄደ። እንደዚያ ቀን ሙሉ ሆኖ አያውቅም። ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቱ በሌላ በኩል ተቀመጠ፤ ባለቤቴ በር ላይ ቆመች። ደሳለኝ ተነሳና ስልኩ ጥፋት የለበትም፣ ጥፋቱ የሰውየው ነው አለ። ሐሰት አልተናገረም። ቀጥሎ አዲስ ሐሳብ አቀረበ። የእኔን ድምፅ በሞባይል ይቀዳዋል፤ የየአባሉን ስም እያስጠራ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀዳዋል። ከዚያ በኋላ ሰው ሲሞት ስሙን መርጦ ባጃጅ ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ያሰማል። ሕዝቡም የለመደውን ድምፅ ይሰማል፣ የሚሳሳትም ሰው አይኖርም። ባለቤቴን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። ድምፄ ሥራዬን ሊወስድብኝ ነው፤ እኔ ቤቴ ተኝቼ ድምፄ ከተማውን ሊዞር።

ሰዉ በሐሳቡ ተስማማ። ችግሩ የመጣው ከማን ስም እንጀምር ሲባል ነው። ደሳለኝ መምሬ ጥበቡን አያቸው። እሳቸው "ኧረ በሥላሴ፣ በቁሜ?" ብለው መስቀላቸውን አወጡ። ፖሊሱ ነገ ዳባት ለሥራ እሄዳለሁ፣ ስመለስ አለ። አንዲት ሴት "ስሜን ብትጠራ እንተያያለን" ብለውኝ ልጃቸውን ይዘው ሊወጡ ተነሱ። ያ ሁሉ ሰው ሐሳቡን ደግፎ ስሙን የሚሰጥ ጠፋ።

አቶ ሙላት ከዳኛ ወንበራቸው ተነሱ። "በእኔ ጀምሩ" አሉ። "እኔ እንደሆን ትናንት ሞቻለሁ።" ሰዉ ሳቀ። መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ። ኮታቸው ላይ ገና የበግ ፀጉር አለ። ደሳለኝ የራሱን ስልክ አፌ ሥር አስጠጋና ተናገር አለኝ።

"ስማ እድርተኛ፣ ዳኛችን አቶ ሙላት..." አልሁ።

ከዚያ ወዲያ አልወጣ አለኝ። ትናንት ከተማውን ሙሉ ስዞር እንዲህ አልሆንሁም። ሰውየው ቆመው እያዩኝ እንዴት ብዬ አርፈዋል ልበል? እንደገና ሞከርሁ፤ ስማቸው ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። ከሴቶቹ በኩል ወይዘሮ የሺ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ደሳለኝ "አንዲት ቃል እኮ ናት የቀረችው" አለኝ። አውቃለሁ። ሥራዬ ከነአራት ልጆቼ በእሷ ላይ እንደቆመም አውቃለሁ። አልቻልሁም።

አቶ ሙላት ወደ ደሳለኝ ዞሩ። "ይኸ ማሽን ይህን ሲናገር ይጨንቀዋል?" ብለው ጠየቁት።

"ማሽን ነው እኮ ጋሼ፤ ምን ይጨንቀዋል?" አላቸው።

"እንግዲያው የእኔን ሞት የሚጨንቀው ሰው ይናገርልኝ" አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

መምሬ ጥበቡ የእኔንም አሉ። ከሴቶቹ በኩል አንዷ የእኔንም አለች። ከዚያ ማን እንዳለ ማን እንደቀረ መለየት አልተቻለም። ደሳለኝ ሳይቆጣ ብዕሩን አነሳና ቃለ ጉባኤው ላይ ስብሰባ በስልክ፣ ሞት በሰው ብሎ ጻፈ፤ የእድሩን ስልክ ግን አልመለሰልኝም። ባለቤቴ በር ላይ እንደቆመች አለቀሰች።

ሰዉ ሲበተን አቶ ሙላት በትራቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ጎንበስ ስል ክንዴን ይዘው አቀኑኝ።

"የሺ ነገረችኝ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ትናንት አሳምረህ ነው አሉ የጠራኸኝ። ቀኑ ሲደርስ ልክ እንደዚያው አድርገህ ጥራኝ። ብቻ አትቸኩል።"